የዓሣ ዘይት ካፕሱልና የስኪዞፍሬንያ ሕክምና፦ ጥናቶቹ የሚሉትና የማይሉት

በስኪዞፍሬንያ ለሚታመም የቤተሰብ አባል የዓሣ ዘይት ካፕሱል ገዝቶ መስጠት ይጠቅም እንደሆነ ብዙ አስታማሚዎች ይጠይቃሉ። ጥያቄው መሠረት የሌለው አይደለም። ሕመሙ ያለባቸው ሰዎች ሰውነት ፋቲ አሲድ የተባሉትን የቅባት ንጥረ ነገሮች የሚጠቀምበት መንገድ ከሌላው ሰው በመጠኑ እንደሚለይ ከ40 ዓመት በላይ ያስቆጠረ ምርምር ያመለክታል። ይሁን እንጂ ከዚህ ግኝት ተነሥቶ «ዘይቱን ከወሰደ ይድናል» እስከሚለው ድምዳሜ ያለው ርቀት ረጅም ነው፤ በመካከሉ የተካሄዱት ጥናቶችም የተጠበቀውን መልስ አልሰጡም። አሳሳቢው ነገር ካፕሱሉ የታዘዘውን መድኃኒት ተክቶ ሲወሰድ የሚደርሰው ጉዳት ነው።

በቅድሚያ ጉዳዩ ከምን እንደሚነሣ መረዳት ያስፈልጋል። ከአንጎል ደረቅ ክብደት ከግማሽ በላይ የሚሆነው ቅባት ነው። የአንጎል ሕዋሳት ሽፋን በዋናነት የተሠራው ከዚሁ ሲሆን፣ ሕዋሳቱ መልእክት የሚቀባበሉትም በሽፋኑ ላይ በሚገኙ ተቀባዮች አማካይነት ነው። ሽፋኑ ልስላሴውንና አሠራሩን ጠብቆ እንዲኖር ከሚያደርጉት መካከል ከኦሜጋ 3 ወገን የሆነው ዲኤችኤ እና ከኦሜጋ 6 ወገን የሆነው አራኪዶኒክ አሲድ ይገኙበታል። ሰውነት የእነዚህን መነሻ ንጥረ ነገሮች ራሱ መሥራት ስለማይችል ከምግብ ማግኘት ግድ ይለዋል።

እ.ኤ.አ. በ1977 ዴቪድ ሆሮቢን የተባሉ ተመራማሪ፣ ስኪዞፍሬንያ ከፋቲ አሲድ ከሚሠሩት ፕሮስታግላንዲን የተባሉ ንጥረ ነገሮች እጥረት ጋር ሊያያዝ ይችላል የሚል መላ ምት አቀረቡ። ከዚያ ወዲህ የታካሚዎችን ቀይ የደም ሕዋሳት የመረመሩ በርካታ ጥናቶች በሽፋናቸው ውስጥ ያለው የዲኤችኤ እና የአራኪዶኒክ አሲድ መጠን በአማካይ ዝቅ ያለ ሆኖ አግኝተውታል። ሌላም ማሳያ አለ። ናያሲን የተባለው ቫይታሚን ቆዳ ላይ ሲቀባ ወይም ሲዋጥ የብዙ ሰው ቆዳ ይቀላል፤ መቅላቱም የሚመጣው ከአራኪዶኒክ አሲድ በሚሠራ ፕሮስታግላንዲን አማካይነት ነው። ስኪዞፍሬንያ ካለባቸው ሰዎች ከፊሎቹ ዘንድ ግን ይህ መቅላት ደካማ ይሆናል ወይም ጨርሶ አይታይም። ይህ ማለት በናያሲን ሕመሙን መለየት ይቻላል ማለት አይደለም። ስኪዞፍሬንያ ዛሬም የሚለየው የሠለጠነ ባለሙያ ታካሚውንና ቤተሰቡን በዝርዝር ጠይቆ በሚያደርገው ምርመራ እንጂ በደም ወይም በቆዳ ምርመራ አይደለም።

እነዚህን ግኝቶች ስንመዝን አንድ ጥያቄ አብሮ ይነሣል። የፋቲ አሲዱ መጠን የቀነሰው ከሕመሙ የተነሣ ነው ወይስ ከሕመሙ ጋር አብሮ ከሚኖረው ኑሮ? ሲጋራ ማጨስ፣ የተመጣጠነ ምግብ ማጣትና የሚወሰዱት መድኃኒቶች እያንዳንዳቸው የደምን የቅባት ይዘት ይለውጣሉ። ሆኖም ገና መድኃኒት ባልጀመሩ፣ ሕመሙ ለመጀመሪያ ጊዜ በታየባቸው ሰዎች ላይ በተደረጉ ጥናቶች ትራይግሊሰራይድ የተባለው የደም ቅባት ከፍ ብሎ ስለተገኘ፣ ነገሩን በሙሉ በመድኃኒትና በአኗኗር ማሳበብ አይቻልም።

ዘይቱን መስጠት ያድናል ወይ ለሚለው መልስ ለመስጠት ብዙ ተስፋ ያሳደረው በቪየና የተደረገው ጥናት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 ውጤቱ ይፋ በሆነው በዚህ ጥናት ለሳይኮሲስ ከፍተኛ ተጋላጭነት ያላቸው 81 ወጣቶች ተሳትፈዋል። ከፊሎቹ በቀን 1.2 ግራም ኦሜጋ 3 ለ12 ሳምንታት ሲወስዱ፣ የተቀሩት ማስመሰያ ካፕሱል ተሰጣቸው። በዓመቱ ሲታይ ከመጀመሪያዎቹ 4.9 በመቶ፣ ከሁለተኞቹ ደግሞ 27.5 በመቶ ሳይኮሲስ ይዟቸዋል። ልዩነቱ ትልቅ ነበር። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2017 ውጤቱ የታተመውና በሦስት አህጉራት በሚገኙ 10 ማዕከላት 304 ሰዎችን ያሳተፈው ተከታይ ጥናት ይህን አልደገመም፤ በ12 ወራት የሁለቱም ወገን ቁጥር 11 በመቶ አካባቢ ሆነ። ቀድሞ ሕመሙ በያዛቸው ሰዎች ላይም ቢሆን፣ በአሜሪካ 87 ታካሚዎች ከመደበኛ መድኃኒታቸው ጋር በቀን 3 ግራም ኢፒኤ የተባለውን ኦሜጋ 3 ለ16 ሳምንታት የወሰዱበትና ከማስመሰያ ጋር የተነጻጸረበት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2001 ለውጥ እንደሌለ አሳይቷል። አንድ ትንሽ ጥናት ያማረ ውጤት ሲያመጣ ትልቁን ጥናት መጠበቅ ለምን እንደሚያስፈልግ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

በአንጻሩ መድኃኒትን በትክክል መውሰድ ያለው ጥቅም በማያሻማ ሁኔታ የታወቀ ነው። 65 ጥናቶችን በአንድነት የተነተነና እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ሥራ እንደሚያሳየው፣ ፀረ-ሳይኮሲስ መድኃኒታቸውን ከቀጠሉት መካከል በአንድ ዓመት ውስጥ ሕመሙ ያገረሸባቸው 27 በመቶ ሲሆኑ፣ መድኃኒቱ በማስመሰያ ከተተካባቸው ግን 64 በመቶዎቹ አገርሽቶባቸዋል። ካፕሱሉን ተማምኖ መድኃኒቱን ማቆም ምን ማለት እንደሆነ ከእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መረዳት ይቻላል።

ቅባትን በተመለከተ ታካሚዎችንና ቤተሰቦችን ይበልጥ ሊያሳስብ የሚገባው ጉዳይ በሌላ በኩል ይገኛል። መድኃኒቶቹ ራሳቸው በሰውነት የስብና የስኳር አጠቃቀም ላይ ለውጥ ያመጣሉ። ኦላንዛፒን እና ክሎዛፒን ክብደትንና ትራይግሊሰራይድን ከሁሉም በላይ ይጨምራሉ፤ ሪስፐሪዶን በመካከል ይገኛል፤ ሃሎፔሪዶል በዚህ ረገድ ቀለል ያለ ቢሆንም የጡንቻ መገታተርና መንቀጥቀጥን የማምጣት ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። በዓለም ዙሪያ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ከሌላው ሕዝብ ከ10 እስከ 20 ዓመት ቀድመው እንደሚሞቱ የዓለም ጤና ድርጅት ይገልጻል። በበለጸጉት አገሮች ለዚህ ትልቁን ድርሻ ከሚይዙት መካከል የልብና የደም ሥር ሕመሞች ይጠቀሳሉ።

የእኛ አገር መረጃ ግን በከፊል የተለየ ነው። በቡታጅራ አካባቢ 919 ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ለ10 ዓመታት የተከታተለው ጥናት፣ የሞት መጠናቸው ከአካባቢው ሕዝብ እጥፍ እንደሆነና ወደ ሦስት አሥርት ዓመታት ያህል ቀድመው እንደሚሞቱ አሳይቷል። ከሟቾቹ ግማሽ ያህሉን የገደሉት ተላላፊ በሽታዎች ናቸው። በሶዶ ወረዳ የተደረገ ጥናትም የምግብ ዋስትና እጦት ታካሚ ባለባቸው ቤተሰቦች ዘንድ እንደሚበረታ አመልክቷል። ስለዚህ በገጠር ለሚኖር ታካሚ ቤተሰብ፣ በካፕሱል ግዢ የሚወጣው ገንዘብ በቂ ምግብ ለማቅረብና ሳል ወይም ትኩሳት ሲታይ በፍጥነት ወደ ጤና ጣቢያ ለመውሰድ ቢውል የበለጠ ዕድሜ ያተርፋል። በከተማ፣ በተለይም ኦላንዛፒን ለሚወስድና ብዙም ለማይንቀሳቀስ ሰው፣ የክብደትና የደም ስኳር ክትትሉ ሊቀድም ይችላል።

ይህ ማለት ምግብ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። ተልባ ኤኤልኤ በተባለው ኦሜጋ 3 የበለጸገ ነው፤ ሰውነት ይህን ወደ ዲኤችኤ የሚለውጠው በጥቂቱ ብቻ ቢሆንም ለጤናማ አመጋገብ የሚመከር የአገር ቤት እህል ነው። በኑግ ዘይት ውስጥ የሚበዛው ኦሜጋ 6 ሲሆን፣ «የሚረጋ ዘይት» የምንለው የፓልም ዘይት ደግሞ ግማሽ ያህሉ ለልብ የማይመከረው የስብ ዓይነት ነው። ዲኤችኤ እና ኢፒኤ በቀጥታ የሚገኙት ከዓሣ ነው፤ የሐይቅ ዓሣዎቻችን በዚህ ይዘት ሰርዲንን ከመሰሉ የባሕር ዓሣዎች በአብዛኛው ቢያንሱም መልካም የፕሮቲን ምንጭ ናቸው።

አገልግሎት ፈላጊዎች ለአእምሮ ሕክምና የግድ ወደ አማኑኤል ስፔሻላይዝድ የአእምሮ ሆስፒታል መሄድ አይጠበቅባቸውም። ባለሙያዎቻቸው በአእምሮ ጤና በሠለጠኑ ጤና ጣቢያዎች ክትትል ማግኘት ይቻላል፤ በሶዶና አካባቢው የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናትም በጤና ጣቢያ የሚሰጠው ሕክምና የአእምሮ ጤና ነርሶች ከሚመሩት አገልግሎት በውጤት እንደማያንስ አረጋግጧል። ሕክምና ሲጀመር ክብደት፣ የወገብ ዙሪያ፣ የደም ግፊትና የደም ስኳር ተለክተው እንዲመዘገቡ፣ ከሦስት ወር ገደማ በኋላና ከዚያም በየዓመቱ እንዲደገሙ፣ ምርመራው በሚሰጥበት ተቋም የደም ቅባትም እንዲታይ መጠየቅ የታካሚው መብት ነው። ክብደት በፍጥነት ከጨመረ መድኃኒቱን በራስ ውሳኔ ከማቆም ይልቅ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደ ባለሙያው መመለስ ይገባል፤ መጠኑ ሊስተካከል ወይም መድኃኒቱ ሊቀየር ይችላልና። የዓሣ ዘይት ካፕሱል አስቀድሞ ተገዝቶ ከሆነም ዕቃውን ይዞ መቅረብና ለባለሙያው ማሳየት ያስፈልጋል፤ በተለይ ታካሚው ደም የሚያቀጥን መድኃኒት አብሮ የሚወስድ ከሆነ ይህ ሳይነገር መታለፍ የለበትም።