የገበሬው ልጅና የቤተሰብ ሥራ ተቋራጮች

አዝመራው ተሰብስቦ ዐውድማው ሲጠረግ ብዙ የገበሬ ልጆች ሥራ ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ እንደሚሄዱ የገበሬ ማኅበራት መሪዎች ሁሉ የሚያውቁት ነው። ከ2000 ዓ.ም. በኋላ በልደታ ክፍለ ከተማ አሮጌ መንደሮች ፈርሰው በምትካቸው ኮንዶሚኒየሞችና ፎቆች ሲነሡ፣ አሸዋ በመሸከም፣ ሲሚንቶ በማቡካትና ድንጋይ በማቀበል ከገጠር የመጣው ጉልበት ያበረከተው ድርሻ ቀላል አይደለም።

ከአገራችን ሥራ ተቋራጮች ብዙዎቹ የቤተሰብ ንብረት ናቸው። አባት ሥራውን ይመራል፤ ልጅ ሒሳቡን ይይዛል፤ ቅጥሩም በመተዋወቅ ይፈጸማል። ይህ በጎ ጎን አለው። ባለቤቱ ሠራተኛውን በስሙ ያውቀዋል፤ ለመንደሩ ትምህርት ቤት ቆርቆሮ ሲጠየቅም እጁን ይዘረጋል። ችግሩ ነገሩ ሁሉ በቃል መቅረቱ ነው። ሦስት ዓመት ሠርቶ ግንበኝነት የለመደ ወጣት ሙያውን የሚያስረዳበት ወረቀት ስለማይኖረው፣ በሌላ ድርጅት እንደገና ከቀን ሠራተኝነት ይጀምራል።

ሕጉ ግን እንዲህ አይልም። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው የውሉን ዝርዝር በ15 ቀናት ውስጥ በጽሑፍ መስጠት አለበት። ሠራተኛው ሲለቅ ወይም ሲጠይቅ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ በነፃ ይሰጠዋል። ዕድሜው 15 ዓመት ያልሞላው ልጅ አይቀጠርም። በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳትም፣ ሠራተኛው ሆን ብሎ ካላደረሰው በቀር፣ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው።

እዚያው ልደታ፣ በ1940ዎቹ በኢትዮጵያና በስዊድን ትብብር የተቋቋመው የሕንፃ ኮሌጅ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆኖ ባለሙያዎች ያስመርቃል። የኮሌጁ ምሩቅ ዲፕሎማውን ይዞ ይቀጠራል። በሥራ ላይ የሠለጠነው ግንበኛም የሙያ ብቃት ምዘና ወስዶ የምስክር ወረቀት ማግኘት ይችላል። ለምዘናው ግን ሙያ ያስፈልጋል፤ ሙያ ደግሞ አሠሪው ወጣቱን ከባሬላ አውጥቶ ከግንበኛ ጎን ሲያቆመው የሚገኝ ነው። ተቋራጩ ለኅብረተሰቡ የሚሰጠው ከቆርቆሮ የበለጠ ስጦታ ይህ ነው።

ስለዚህ መሪዎች ወጣቶቹ ከመሄዳቸው በፊት የእያንዳንዱን ስም፣ ዕድሜና የሚሄድበትን አሠሪ ሊመዘግቡ፣ የጽሑፍ ማስረጃ እንዲጠይቅም ሊመክሩ ይገባል። መንገድ ወይም ትምህርት ቤት ሊሠራ ወደ ቀበሌያቸው የሚመጣ ተቋራጭ ሲኖርም፣ ስንት የአካባቢው ወጣቶች ግንበኝነትና አናጢነት እንደሚማሩ አስቀድመው ይጠይቁ። ሙያ ይዞ የተመለሰ አንድ ግንበኛ የመንደሩን ጤና ኬላም ሆነ የእህል መጋዘን ያቆማል፤ ባዶ እጁን የተመለሰ ግን በሚቀጥለው ዓመት ተመልሶ ይሄዳል።