«ገና ይቆርጣል» እያልን የምንከስረው

ቅርንጫፍና ግንድ የሚከተክት ቺፐር ባለበት ቦታ ሁሉ «ገና ይቆርጣል» የሚል ሰው አይጠፋም። ቢላው መደነዙን ሁሉም ያውቃል። ሞተሩ ያቃስታል፤ ድሮ ማሽኑ በራሱ ስቦ ይወስደው የነበረው እንጨት አሁን በሰው ጉልበት ይገፋል። ያም ሆኖ ማሽን አቁሞ ቢላ መፍታት እንደ ሥራ መፍታት ይቆጠራል። ኃላፊው ሲመሽ የሚጠይቀው ስንት መኪና እንደተጫነ እንጂ ቢላው መቼ እንደተሳለ አይደለም። ይህን ልማድ ቁጠባ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው። እኔ ግን ንጹሕ ብክነት ነው እላለሁ፤ አደጋም አለው።

ማስረጃ የሚፈልግ ከማሽኑ አፍ ከሚወጣው አንድ እፍኝ ይዝገን። ስለቱ ደህና የሆነ ቢላ የቆረጠው ቁርጥራጭ ጠርዙ የጠራ፣ መጠኑም ተቀራራቢ ነው። የደነዘ ቢላ ግን እንጨቱን ይቀጠቅጠዋል፣ ይተለትለዋል፤ እፍኙ ረጃጅም ልጥና ዱቄት የመሰለ ሰጋቱራ ይሆናል። ቁርጥራጩ ለችፑድ የሚሄድ ከሆነ ደግሞ ጉዳቱ ፋብሪካው ድረስ ይከተላል። ደቃቁ በበዛ ቁጥር ሙጫ የሚጠጣው ገጽ ይሰፋልና ወጪው ይጨምራል። እስከዚያው ሞተሩ ለዚያው ሥራ የበለጠ ናፍጣ ያቃጥላል፤ ኩሽኔታና ቺንጋም ያለ ዕድሜያቸው ያልቃሉ።

ጥፋቱን በእንጨቱ ማላከክ የተለመደ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አገራችን የገባው ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ጠንካራ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ስለትን ከባሕር ዛፉ በላይ የሚበላው በልጡ ላይ ተጣብቆ የሚመጣው አፈር ነው። በአሸዋ ውስጥ ያለው ኳርትዝ ከጠነከረ የቢላ ብረት እንኳ ይበልጥ ጠንካራ ነው። ግንዱን መሬት ለመሬት ጎትተን፣ ከነጭቃው ለማሽን አጉርሰን፣ ቢላው ቶሎ ሲደነዝ ዛፉን መክሰስ ፍርደ ገምድልነት ነው።

ቢላው በመጨረሻ ሲፈታ ደግሞ ሌላው ጥፋት ይከተላል። አንዱ በእጁ ይዞ ግራይንደር ላይ ያስጠጋዋል፤ ብልጭታው ይዘንባል፣ ጠርዙ ወደ ቢጫ ከዚያም ወደ ሰማያዊ ይለወጣል። ወዲያው ባልዲ ውሃ ውስጥ ይነከርና «ጨርሻለሁ» ይባላል። ፈጥኖ የሳለውም ይመሰገናል። ያ ሰማያዊ ቀለም ግን የብረቱ ገጽ ወደ 300 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ እንደደረሰ ይናገራል። ድንጋዩ በሚነካት ነጥብ ላይ ሙቀቱ ከዚያም ሊያልፍ ይችላል። እንደ ብረቱ ዓይነት ጠርዙ ጥንካሬውን ያጣል፤ ወይም በድንገተኛው ቅዝቃዜ ዓይን የማያያቸው ስንጥቆች ይፈጠሩበታል። እንዲህ የተሳለ ቢላ ለጥቂት ሰዓት ቆርጦ ይደነዝዛል፤ ሲብስም ማሽኑ ውስጥ ይሸረፋል።

በእጅ መሳል ማዕዘኑንም ያበላሻል። የብዙ ቺፐር ቢላዎች ስለት ከ30 ዲግሪ ብዙም የማይርቅ ማዕዘን አለው። ከዚያ ሲሳሳ ይሸረፋል፣ ሲወፍር ይቀጠቅጣል። ክብደትም አለ። በተቃራኒ አቅጣጫ ከታሰሩ ሁለት ቢላዎች አንዱ በ50 ግራም ቢቀልል፣ ከመሐል 30 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ በደቂቃ 1,000 ጊዜ ሲሽከረከር ልዩነቱ ወደ 17 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ጉተታ ይሆናል። ይህ ጉተታ በየሴኮንዱ ከ16 ጊዜ በላይ እየዞረ ኩሽኔታውን ይደበድባል። ማሽኑ ለምን እንደሚንቀጠቀጥ ግራ የሚገባን ቢላዎቹን አንድ ላይ ስለን ስላልመዘንናቸው ነው።

ትክክለኛው አሠራር ምሥጢር አይደለም። የማሽኑ ቢላዎች በሙሉ በአንድ ጊዜ ይፈታሉ። ቢላ አጥብቆ በሚይዝ የመሳያ ማሽን፣ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ሳይቋረጥ እየፈሰሰ፣ በቀጭን በቀጭኑ ይሳላሉ። ጫፉ ላይ የቀረው ቀጭን የብረት ትራፊ በጥሩ ሞረድ ድንጋይ ይወገዳል። መቀመጫቸው ይጠረጋል፤ ያረጀ ቡሎን በአዲስ ይለወጣል፤ አምራቹ ባዘዘው ልክ ይጠብቃል። ብዙዎች የሚረሱት የማይንቀሳቀሰው ቢላም ይታያል። ጠርዙ ከዶለዶመ፣ ወይም ከሚሽከረከሩት ቢላዎች ጋር ያለው ክፍተት መመሪያው ከሚያዘው ከሰፋ፣ ምላጭ የመሰለ ስለት እንኳ ልጡን ሳይቆርጥ ያሳልፈዋል።

«ትርፍ ቢላ ከውጭ ነው የሚመጣው፣ ውድ ነው፣ ስናቆም ደግሞ ገቢ ይቀርብናል» የሚለውን መከራከሪያ አልንቀውም። የሥራ ሰዎች እውነተኛ ችግር ነው። ነገር ግን ውድ የሆነ ነገር ነው ይበልጥ ጥንቃቄ የሚሻው። በጊዜ የተሳለ ቢላ ከጠርዙ የሚነሣለት ጥቂት ነው። የተሸረፈውና የተቃጠለው ግን ጉዳቱ እስኪወገድ ብዙ ሚሊ ሜትር ስለሚበላ፣ አምራቹ ከወሰነው ዝቅተኛ ስፋት ቶሎ ይደርሳል፤ ከዚያ በኋላ መጣል ነው። ሁለት ሙሉ የቢላ ስብስብ ያለው ድርጅት አንዱ ሲሳል ሌላውን ያስራል፤ ማሽኑ የሚቆመው ለመቀያየሪያ ጊዜ ብቻ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ሰው አለ። የደነዘ ማሽን እንጨት አልስብ ሲል ሠራተኛው እጁን፣ አንዳንዴም እግሩን፣ ወደ ማስገቢያው ያስጠጋል። ቢላ ሲፈታም ችኮላው ያው ነው። ሞተር ሲጠፋ ቢላዎቹ የታሰሩበት ከበሮ ወዲያው አይቆምም፤ ከቆመም በኋላ አንዱን ቢላ ስንነካ ሌላው ዞሮ ሊቆርጠን ይችላል። ስለዚህ ቁልፉ ተነቅሎ ከሠራተኛው ኪስ ይግባ፣ ባትሪው ይለያይ፣ ከበሮው በመቆለፊያው ይታሰር።

የድርጅት ባለቤቶችና የሥራ ኃላፊዎች ሆይ፤ የመሳያ ሰዓትን ከሥራ ሰዓት ቁጠሩት። ቢላው የተሳለበት ቀንና የሠራበት ሰዓት በመዝገብ ይስፈር። «ደንዟል፣ ላቁም» የሚለውን ኦፕሬተር አትቆጡት፤ ንብረታችሁንም የሰው እጅንም እየጠበቀላችሁ ነው።