ሕፃኑ ሳይወለድ ቤቱ ይምከር

በመጪዎቹ ወራት የመጀመሪያ ልጃችሁን የምትጠብቁ ባልና ሚስት ሆይ፣ ይህ ጥሪ በቅድሚያ ለእናንተ ነው። ቀጥሎም ለአያቶች፣ ለአክስቶች፣ ለጎረቤትና አራስ ሊጠይቅ ለሚመጣ ሁሉ ነው። የምለምናችሁ ስምንተኛው ወር ሳያልፍ በአራስ ቤቱ ውስጥ ቃላቸው የሚሰማ ሰዎችን ሁሉ ቡና አፍልታችሁ እንድትሰበስቡና ሕፃኑ የሚኖርባቸው የመጀመሪያዎቹ ሰባት ቀናት እንዴት እንደሚያልፉ ከወዲሁ እንድትስማሙ ነው።

ከወሊድ በኋላ መምከር ይከብዳል። እናትየው ደክማለች፣ አባትየው ተደናግጧል፣ ቤቱ በእልልታና በገንፎ ሽታ ተሞልቷል። በዚያ ሰዓት የተከበሩ አክስት በጣታቸው ጫፍ ቅቤ ይዘው ወደ ሕፃኑ አፍ ሲዘረጉ “ይተዉት” የሚል አንደበት ማን አለው? ምጥ ያደከማት ወጣት እናት ከአማቷ ጋር አትከራከርም። አክስትየዋም ክፉ አስበው አይደለም፤ እናታቸው ለእሳቸው ያደረጉላቸውን ነው የሚያደርጉት። ስለዚህ ንግግሩ ማንም ሳይደክምና ማንም ሳያፍር፣ አስቀድሞ መደረግ አለበት።

ሰባት ቀን ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ በኢትዮጵያ በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ2011 ዓ.ም. ይህ ቁጥር ወደ 59 ወርዷል። ክትባቱ፣ የጤና ኤክስቴንሽኑ፣ የእናቶች ትጋት ያመጣው ትልቅ ድል ነው። የመጀመሪያ ወራቸውን ሳይጨርሱ የሚሞቱት ግን በዚያው ዘመን ውስጥ ከ49 ወደ 33 ብቻ ነው ዝቅ ያሉት። ዛሬ ከአምስት ዓመት በታች ከምናጣቸው ልጆች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ገና በአራስ ቤት ሳሉ ነው የሚሄዱት። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ደግሞ በአራስነት ከሚሞቱት ሕፃናት ሦስት አራተኛ ያህሉ የሚሞቱት በመጀመሪያው ሳምንት ውስጥ ነው። የሚገድሏቸውም በዋናነት ያለጊዜ መወለድ፣ በወሊድ ጊዜ መታፈንና ኢንፌክሽን ናቸው። ሁሉንም ቤት ውስጥ መከላከል አይቻልም። ኢንፌክሽንና ብርድ የሚያደርሱትን ጉዳት ግን በብዙ መንገድ መከላከል ይቻላል፤ ጊዜ ሳያልፍ ሐኪም ዘንድ መድረስም እንዲሁ በእጃችን ነው።

ቡናው ሲፈላ በመጀመሪያ ስለ እንገር ተነጋገሩ። ከወሊድ በኋላ የሚወጣው ወፍራምና ቢጫማ ወተት “ቆሻሻ ነው፣ ሆድ ያሳምመዋል” ተብሎ የሚታለብበትና የሚደፋበት ቤት ዛሬም አለ። እንገር ለአዲስ ሕፃን ከምግብም በላይ ነው፤ በሽታን የሚከላከሉ ንጥረ ነገሮች ከእናቱ ሰውነት ወደ እሱ የሚተላለፉበት የመጀመሪያው ክትባት ነው ማለት ይቻላል። መጠኑ ጥቂት በመሆኑ ብዙ እናቶች “ወተት የለኝም” ብለው ይደነግጣሉ። የአራስ ሕፃን ሆድ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከዚያ ብዙም የሚበልጥ አይችልም። በተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ደረት ላይ ተቀምጦ ይጥባ፤ ከዚያ ወዲህ በቀንና በሌሊት ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይጥባ። ወተቱ የሚበዛው በመጥባቱ ነው። ቅቤው፣ የስኳር ውሃው፣ የአብሽ ውሃው፣ “ጉሮሮውን ያርጥብለት” ተብሎ የሚሰጠው ማናቸውም ነገር ግን ከጡት ያርቀዋል፤ ከእጅና ከማንኪያ ጀርም ያስገባል፤ ቅቤ ደግሞ ወደ ሳንባ ገብቶ ከባድ የሳንባ ምች ሊያመጣ ይችላል። ማርም ዓመት እስኪሞላው አይቀምስም። እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ፤ ውሃም ቢሆን አያስፈልገውም። ሐኪም ያዘዘው መድኃኒት ብቻ ነው ከዚህ የሚለየው።

ለአያቶች ልዩ ልመና አለኝ። ቅቤውን ይዛችሁ መምጣታችሁን አትተዉ። ለአራሷ ገንፎ፣ ለአጥሚቷ ይሁን። እሷ ስትበረታ ነው ሕፃኑ የሚጠግበው።

ከዚያ ስለ ሙቀት ተነጋገሩ። ሕፃኑ ተወልዶ አንድ ሙሉ ቀን ሳይሞላው አይታጠብ፤ በደረቅ ጨርቅ ተጠርጎ፣ ኮፍያ ተደርጎለት፣ እርቃኑን በእናቱ ደረት ላይ ተኝቶ በላዩ ላይ ብርድ ልብስ ይደረግ። ከ2 ኪሎ ግራም ተኩል በታች ሆኖ ለተወለደ ሕፃን ይህ ዋናው ሕክምና ነው። በ1978 እ.ኤ.አ. በኮሎምቢያዋ ቦጎታ የተጀመረው ይህ የካንጋሮ እንክብካቤ በአገራችንም በሕፃናት ሐኪሙ ቦጋለ ወርቁና በባልደረባቸው በአዲስ አበባ ተጠንቶ፣ ውጤቱ በ2005 እ.ኤ.አ. ታትሟል፤ ገና ከመጀመሪያው በዚህ መንገድ የተያዙት ትናንሽ ሕፃናት በተለመደው መንገድ ከተያዙት ይልቅ በብዛት ተርፈዋል። ደረት የእናት ብቻ መሆን የለበትም። አባቶች፣ ሚስታችሁ ስትተኛ ሸሚዛችሁን አውልቃችሁ ልጃችሁን እቀፉ፤ ማንም አይታዘባችሁም፤ ቢታዘብም ግድ አይስጣችሁ።

እትብቱ ላይ ቅቤ፣ አመድ፣ እበት፣ ምራቅ፣ ምንም አይደረግ። ደርቆ በራሱ ይወድቃል። ጤና ተቋሙ ክሎርሄክሲዲን የሚባለውን ጄል ከሰጣችሁ እንደተነገራችሁ እትብቱ ላይ ብቻ ቀቡ። ከዓይን ቅባቱ ጋር አንድ ቦታ አታስቀምጡት፤ ዓይን ውስጥ ቢገባ ሊያሳውር ይችላል። እንጥል ማስቆረጥና ግግ ማስወጣት በዚህ ቤት እንደማይደረግ ደግሞ በዚያው ቀን በግልጽ ይነገር።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ። አራስ ሕፃን ሲታመም እንደ ትልቅ ሰው አይጮኽም። ብዙ ጊዜ የሚያደርገው ዝም ማለት ነው። “እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው፣ አያስቸግርም፣ ተኝቶ ይውላል” ሲባል ስሰማ እኔ እሰጋለሁ። ለመጥባት የማይነቃ፣ ቀድሞ ይጠባ የነበረና አሁን የተወ፣ ሲነኩት ካልሆነ የማይንቀሳቀስ ሕፃን ጨዋ ሳይሆን ታሞ ሊሆን ይችላል። ሲያንቀጠቅጠው ወይም አካሉ ሲግተረተር፣ ትንፋሹ ሲፈጥን፣ ሲተነፍስ ከጎድኑ በታች ሲሰረጎድ፣ ሰውነቱ ሲያተኩስ፣ አለበለዚያም እጅና እግሩ ብቻ ሳይሆን ሆዱም ሲቀዘቅዝ አትጠብቁ። ትንፋሹን ለማወቅ ተኝቶ ሳለ በስልካችሁ ሰዓት አንድ ደቂቃ ሙሉ ቁጠሩ፤ 60 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ደግማችሁ ቁጠሩ፤ ያው ከሆነ ተነሡ። እትብቱ ዙሪያ ሲቀላ ወይም መግል ሲይዝ፣ ዓይኑ መግል ሲያወጣም ሂዱ። ቢጫ መሆንን በመስኮት ብርሃን ዓይኑንና ድዱን እያያችሁ መርምሩ። በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ ቢጫ ከሆነ፣ ወይም በማናቸውም ቀን መዳፉና የውስጥ እግሩ ቢጫ ከሆነ በፀሐይ አይድንም፤ የሆስፒታል ብርሃን ያስፈልገዋል፤ ከዘገየ አንጎሉን ይጎዳል። ፀሐይ ማሞቁ ጥሩ ልማድ ነው፣ ለአጥንቱ ይበጀዋል፤ የዚህ መድኃኒት ግን አይደለም።

በቡናው ላይ አንድ ስምምነት ከሁሉ በላይ ይጽና፤ ከእነዚህ ምልክቶች አንዱን መጀመሪያ ያየ ሰው፣ የቤት ሠራተኛዋም ብትሆን፣ ፈቃድ ሳትጠይቅ እናትና ልጅን ይዛ ትሄዳለች። ባል ከሥራ እስኪመጣ፣ ትልቅ ሰው እስኪጠየቅ፣ “ምች ነው፣ ዓይን በልቶት ነው” እየተባለ ሲታሰብ የሚያልፈው ሌሊት ነው ብዙ ልጅ የወሰደብን። ለመጓጓዣ የሚሆን ገንዘብ በፖስታ ይቀመጥ፤ ሁሉም ሰው ቦታውን ይወቅ። የሰፈር ባለ መኪናና የጤና ጣቢያው ስልክ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው። በመንገድ ላይም ሕፃኑ ደረት ላይ እንደተለጠፈ ይሂድ፣ መጥባት ከቻለም ይጥባ።

“አራስ ከደጅ አትወጣም” ለሚሉ ደግሞ ካህናትና ሼሆች ይርዱን። 40 እና 80 ቀን የክርስትና ቀጠሮ ነው፤ ሐኪም ዘንድ እንዳትሄድ የተጣለ እገዳ አይደለም። ለታመመ ሕፃን ከቀኑ በፊትም ጥምቀት እንደሚሰጥ ካህናቱ ያውቃሉ። አባቶች ይህንን በዓውደ ምሕረት፣ ሼሆችም በጁምዓ ኹጥባ አንድ ጊዜ ቢናገሩት ከብዙ ፖስተር የበለጠ ይሰማል። በ2011 ዓ.ም. በተደረገው ጥናት ከወለዱ እናቶች ውስጥ በሁለት ቀን ውስጥ በባለሙያ የታዩት ከሦስት አንዷ ገደማ ብቻ ነበሩ። ጤና ተቋም ከወለዳችሁ ቢያንስ 24 ሰዓት ቆዩ፤ አልጋ ጠበበ ብላችሁ አትቸኩሉ። ከዚያ በሦስተኛው ቀን፣ በሁለተኛው ሳምንትና በስድስተኛው ሳምንት ታዩ። ቤት ለወለደችም የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ በዚያው ቀን ትጠራ። ክትባቱን አትርሱ።

ጠያቂዎች፣ አራስ ቤት ስትገቡ ሳትጠየቁ እጃችሁን ታጠቡ። ጉንፋን የያዘው ለሌላ ቀን ያቆየው። ሕፃኑን አትሳሙት፣ በእጃችሁም እየተቀባበላችሁ አታዙሩት። ቡናውና ዕጣኑ ከአራሷ ክፍል ውጭ ይሁን፤ በተዘጋ ክፍል የከሰል ማንደጃ ለትልቅም ሰው ገዳይ ነው። ስጦታ ካሰባችሁ ደግሞ ከልብስ ይልቅ አንድ ቀን ቤቷን ጠርጋችሁ፣ ልብስ አጥባችሁ፣ ምግብ ሠርታችሁ ሂዱ።

አሠሪዎችንም እጠይቃለሁ። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለአባት የሚሰጠው ከክፍያ ጋር ሦስት ተከታታይ ቀን ብቻ ነው። አደጋው የሚያይለው ግን ሰባቱንም ቀን ነው። የቀሩትን አራት ቀናት ከዓመት ፈቃዱም ቢሆን ሳታንገራግሩ ልቀቁት፤ ሌሊት ትንፋሽ የሚቆጥር፣ አምቡላንስ የሚጠራ ሰው ቤት ይኑር።

እናንተ ነፍሰ ጡሮች፣ በቀጣዩ የቅድመ ወሊድ ክትትል ቀን ብቻችሁን አትሂዱ። በአራስነታችሁ አጠገባችሁ የሚሆኑትን ሴት፣ እናታችሁን ወይም አማታችሁን፣ ይዛችኋቸው ሂዱ። ስለ ቅቤው፣ ስለ እትብቱ፣ ስለ መታጠቢያው ያላቸውን ጥያቄ በራሳቸው አንደበት አዋላጇን ይጠይቋት፤ መልሱን ከእናንተ ሳይሆን ከእሷ ይስሙ። የቀጠሮውን ካርድ አሁን አውጥታችሁ ቀኑን እዩና ዛሬውኑ ደውሉላቸው።