አተር እህልነቱን የተቀማው መቼ ነው?

ጎበዝ፣ ዛሬ የምናወራው ስለ ውሻ ምግብ ነው። «ሌላ ወሬ ጠፋ?» የምትሉ ካላችሁ ይቅርታ አድርጉልን፤ የሰው ወሬ እዚሁ ገጽ ላይ ሞልቷል፣ ሌሎቹ አምደኞች አሉላችሁ። እኛ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ውስጥ አንድ ቤት ተጋርተን የምንኖር ሦስት ሰዎች ነን። አራተኛው ቡቺ ነው። ከመጠለያ ያመጣነው፣ ዘሩ የማይታወቅ፣ 25 ኪሎ የሚመዝን፣ ኪራይ የማይከፍል ውሻ። ስለ ምግቡ ግን ከራሳችን ምግብ ይልቅ ተጨንቀንለታል።

ቢያንስ የተጨነቅንለት መስሎን ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ «ግሬይን ፍሪ»፣ ማለትም እህል የለሽ የሚባለውን ደረቅ ምግብ ስናበላው ኖርን። ውዱን አይደለም፤ ውዱን ማን ችሎት! በቅናሽ የሚሸጠውን፣ ከረጢቱ ላይ ተኩላ የተሳለበትን። ገንዘባችን ትንሽ ቢሆንም ለውሻችን ጥሩውን መርጠናል ብለን ደረታችንን ነፍተን ነበር። ሰው ቤት ሄደን በቆሎ ያለበት ከረጢት ካየን ደግሞ ምክር እንሰጥ ነበር። አዎ፣ እኛ! ዛሬ ልንሞግተው ከመጣነው ሰው አንዱ ራሳችን ነን።

አንድ ቀን ለክትባት ወሰድነው። ሐኪሟ ማዳመጫዋን ደረቱ ላይ አድርጋ ከወትሮው ረዘም አድርጋ ቆየች። ከዚያ «ምንድን ነው የምታበሉት?» አለችን። ነገርናት። «ለምን እሱን መረጣችሁ?» «እህል ስለሌለው።» «እህል ምን አደረገው?»

ተያየን። መልስ አልነበረንም። ሁለት ዓመት ሙሉ ከኪሳችን ስንከፍልበት የኖርነውን ነገር ለምን እንደምንከፍልበት አናውቅም ነበር።

ልቡ ላይ ያልተለመደ ድምፅ ስለሰማች ለልብ አልትራሳውንድ ላከችን፤ ወረፋው ሦስት ሳምንት ነበር። (እንዳናንጠለጥላችሁ ውጤቱን አሁኑኑ እንንገራችሁ፤ ልቡ ደህና ነው። ሒሳቡ ግን የእኛን ልብ አቁሞት ነበር።) በእነዚያ ሦስት ሳምንታት እንቅልፍ ስላልነበረን አነበብን።

መጀመሪያ ግን ከንባቡ ሁሉ የበለጠውን ትምህርት ያገኘነው በስልክ ነው። የአንዳችን እናት ከአዲስ አበባ ደውለው የቡቺን ነገር ሲሰሙ «እህል ካልበላ ታዲያ ምን ይበላል?» አሉ።

«ሥጋ፣ አተር፣ ምስር፣ ድንች…»

«እንዴ! አተር እህል አይደለም እንዴ ልጄ?»

እስቲ መልሱላቸው። በእኛ ቋንቋ ከጎተራ የሚወጣው ሁሉ እህል ነው፤ ጤፉም፣ ስንዴውም፣ አተሩም፣ ምስሩም። እንግሊዝኛው ግን ሲሸጥልን «ግሬይን» የሚለውን ስንዴ፣ በቆሎ፣ ሩዝና ገብስ ላይ ዘግቶ ጥራጥሬውን በጓሮ በር ያስገባዋል። ደረቅ የውሻ ምግብ በማሽን ተጨምቆና በእንፋሎት በስሎ ያቺን ድቡልቡል ቅርጽ እንዲይዝ ስታርች ያስፈልገዋል። ሩዙን ስታወጣ አተር፣ ምስር፣ ሽምብራ፣ ድንች ወይም ካሳቫ ታስገባለህ። እህል የለሹ ምግብ ስታርች የለሽ አይደለም፤ ሥጋው በዛ ማለትም አይደለም። የጎተራው ግራ ጥግ በቀኝ ጥግ ተተካ፣ በቃ።

ከእነዚህ ውስጥ ርካሹ የቱ እንደሆነ ደግሞ የሚቀልብ ሁሉ ያውቀዋል። ሥጋ ውድ ነው። በቅናሽ የሚሸጥ እህል የለሽ ምግብ ላይ የፕሮቲኑ ቁጥር ከፍ ብሎ ካያችሁ ቁጥሩን የሚያሳድገው ዶሮው ላይሆን ይችላል፤ አተሩ ነው። ላቦራቶሪው የሚለካው ናይትሮጅንን ነው፤ በ6.25 አባዝቶ «ፕሮቲን» ይለዋል። ከዶሮ ይምጣ ከአተር ቁጥሩ አይነግራችሁም። ይህ ቀዳዳ ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ እ.ኤ.አ. በ2007 ታይቷል፤ ከቻይና የመጣ የስንዴ ግሉተን ውስጥ ሜላሚን የሚባል ኬሚካል ተጨምሮ፣ ናይትሮጅን ስላለው ፕሮቲን መስሎ አለፈና በሰሜን አሜሪካ የብዙ ውሾችና ድመቶች ኩላሊት ተበላሸ። ሰው ደንግጦ ከስንዴ ሸሸ። የሚገርመው፣ ጥፋቱ የስንዴው አልነበረም፤ ስንዴውን ያጭበረበረው ሰው ነበር። ስሙ የጠፋው ግን ስንዴው!

አሁን ቡቺ ሲበላ የኖረውን በአማርኛ እንጥራው፤ ሽሮ ነው። የዶሮ ሽታ ያለው ደረቅ ሽሮ። ሽሮን አንንቅም፤ ያሳደገን ሽሮ ነው። ግን ሽሮ ብቻውን በማንኪያ በልተን አላደግንም፤ በእንጀራ ነው የበላነው። ጥራጥሬ ሜታዮኒን የሚባለው አሚኖ አሲድ ያንሰዋል፤ የብርዕ እህሎች ደግሞ ከጥራጥሬ የተሻለ አላቸው። አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል። ንፍሮ ላይ ስንዴና ሽምብራ አብረው የሚቀቀሉት በከንቱ አይደለም። ውሻ ታውሪን የተባለውን ለልብ የሚያስፈልግ ነገር ከሜታዮኒንና ከሲስቲን ራሱ ይሠራል። ርካሹ እህል የለሽ ምግብ እንግዲህ እንጀራውን አንስቶ ሽሮውን ብቻ ያቀረበልን ነው። ጨዋ አምራች ሜታዮኒንና ታውሪን ለብቻው ይጨምርበታል፤ ዝርዝሩ መጨረሻ አካባቢ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ያልጨመረው ከሥጋው በቂ ካላገኘለት ግን በውሻው ይጫወታል።

«ታዲያ ልብ ይገድላል?» ትሉን ይሆናል። እዚህ ላይ ቀዝቀዝ እንበል፤ በሌላኛው ወገን ያሉት ፍርሃት ነጋዴዎችም የእኛ ወዳጆች አይደሉም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር (ኤፍ.ዲ.ኤ) በሐምሌ 2018 ምርመራ መጀመሩን አስታወቀ፤ ዳይሌትድ ካርዲዮማዮፓቲ የሚባለው፣ የልብ ጡንቻ ሳስቶ ልብ የሚሰፋበት በሽታ፣ በዘራቸው ለዚህ በማይታወቁ ውሾች ላይ ስለተዘገበ ነው። በሰኔ 2019 የ16 ብራንዶችን ስም ይፋ አደረገ፤ ውዱም ርካሹም ነበረበት። በሪፖርቶቹ ከተጠቀሱት ምግቦች ከ90 በመቶ በላዩ እህል የለሽ፣ 93 በመቶው ደግሞ አተር ወይም ምስር ወይም ሁለቱም ያለበት ነበር። እስከ ኅዳር 2022 መጀመሪያ ድረስ የደረሱት የውሻ ሪፖርቶች ከ1,300 በላይ ናቸው። በታኅሣሥ 2022 ግን መሥሪያ ቤቱ የሪፖርት ብዛት ብቻውን መንስኤን አያረጋግጥም፣ ትርጉም ያለው አዲስ ሳይንሳዊ ግኝት ካልመጣ በቀር ተጨማሪ መግለጫ አላወጣም አለ። ስለዚህ «ይገድላል» ያላችሁ ሰው ካለ ዋሽቷል፤ «ነገሩ ተዘግቷል፣ ነፃ ወጥቷል» ያላችሁም ዋሽቷል። እኛ የምንለው ሌላ ነው። ይህ ሁሉ ጥያቄ ያለበትን ነገር ለመምረጥ ጠንካራ ምክንያት ሊኖረን ይገባ ነበር፤ አልነበረንም።

ምክንያት ተብሎ የሚቀርበውን እንየው። አንደኛው ተኩላው ነው፤ «ውሻ ተኩላ ስለሆነ እህል አይፈጭለትም» ይሉናል። በ2013 ኔቸር መጽሔት ላይ የስዊድን ተመራማሪዎች ያወጡት ጥናት ተኩላ ስታርች የሚፈጨውን የአሚሌዝ ጂን (ኤ.ኤም.ዋይ.2.ቢ) ሁለት ቅጂ ሲኖረው ውሻ ከ4 እስከ 30 እንዳለው አሳይቷል። ከሰው ጋር ኖሮ፣ የሰው ትርፍራፊ በልቶ ተለውጧል። ለነገሩ ይህን ለማወቅ ስዊድን መሄድም አያስፈልግ፤ እኛ ሰፈር ውሻ እንጀራ ሲበላ ያላየ ማነው?

ሁለተኛው አለርጂ ነው። በ2016 የወጣ፣ የምግብ አለርጂ ያለባቸውን 297 ውሾች የሰበሰበ ግምገማ አለ፤ የበሬ ሥጋ 34 በመቶ፣ ወተት 17፣ ዶሮ 15፣ ስንዴ 13፣ በቆሎ 4፣ ሩዝ 2። ሩዝን አስወጥቶ ዶሮን ያስቀረ ከረጢት እንግዲህ ከማን ነው የሚጠብቀን? ስንዴ የማይስማማው ውሻ የለም አላልንም፤ አለ። እሱ በሐኪም ይታወቅ። የኛን ቡቺ ግን ማንም አልመረመረውም፤ ተኩላው ነው ያዘዘለት።

ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል። እዚህ አገር የሚጮኸው የከረጢቱ ፊት ነው። ስለዚህ ገልብጡት። ከጀርባው በጣም በትንንሽ ፊደል የተጻፈ አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፤ ከሁሉ በፊት እሱን ፈልጉ። ምግቡ አፍኮ (የአሜሪካ መኖ ተቆጣጣሪ ባለሥልጣናት ማኅበር) ላወጣው መስፈርት የተሟላ መሆኑንና ለየትኛው ዕድሜ እንደሆነ ይናገራል። አፍኮ ራሱ አይመረምርም፣ ማኅተምም አይሰጥም፤ መስፈርቱን ነው የሚያወጣው። ለአዋቂ ውሻ እርጥበቱ ተቀንሶ ፕሮቲን ቢያንስ 18 በመቶ፣ ለቡችላ 22.5። «ለአዋቂ» የሚለውን ለቡችላ አትስጡ። ሲያድግ 70 ፓውንድና ከዚያ በላይ የሚሆን ቡችላ ካላችሁ ደግሞ ለትልልቅ ዝርያ ዕድገት እንደሚሆን በግልጽ መጻፍ አለበት፤ ካልሲየም ሲበዛበት አጥንቱ ይበላሻል። ይህ ዓረፍተ ነገር የሌለው፣ ወይም «አልፎ አልፎ ብቻ የሚሰጥ» የሚል ከረጢት ተኩላ ቀርቶ አንበሳ ቢሳልበት ዕለታዊ ምግብ አይደለም።

ዓረፍተ ነገሩ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ በቀመር መስፈርቱን ያሟላል ይላል፤ ሌላው በእውነተኛ ውሾች ተሞክሯል ይላል። ሁለተኛው ይሻላል፤ ግን አትመኩበት፣ ለአዋቂ ውሻ የሚጠየቀው ቢያንስ 8 ውሻና 26 ሳምንት ነው። የልብ ነገር በ26 ሳምንት ላይታይ ይችላል።

ከዚያ ዝርዝሩ። የተጻፈው በክብደት ቅደም ተከተል ነው፤ የሚመዘነው ግን ከመብሰሉ በፊት ነው። ጥሬ ዶሮ 70 በመቶ ገደማ ውሃ ስለሆነ አንደኛ ላይ ተቀምጦ ሲደርቅ ወደ ታች ይወርዳል። ደግሞ ሌላ ብልሃት አለ፤ አተሩን በታትኖ መጻፍ። «አተር»፣ «የአተር ዱቄት»፣ «የአተር ፕሮቲን»፣ «የአተር አሰር»! አራቱን ብትሰበስቧቸው ዶሮውን አልፈው አንደኛ ይሆኑ ነበር። የእኛ ከረጢት ላይ እንዲህ ተበትኖ አገኘነው። ሠንጠረዡ ፕሮቲን 24፣ ስብ 14፣ አሰር 5፣ እርጥበት 10 ይላል፤ አመዱን (የማዕድኑን ማለታችን ነው) በግምት 8 ብንለው ድምሩ 61። ቀሪው 39 በመቶ ያልተጻፈው ካርቦሃይድሬት ነው። ያ ሁሉ የተኩላ ጩኸት ለዚህ!

«ምን አገባን፣ ርካሽ ነው» የሚል ካለ፣ ርካሽነቱንም አስሉት። ዋጋ በከረጢት ሳይሆን በካሎሪ ነው፤ ካሎሪው ጀርባው ላይ አለ። ለምሳሌ ሁለቱም 40 ዶላር ይሁኑ፤ አንዱ 12 ኪሎ ሆኖ በኪሎ 3,300፣ ሌላው 10 ኪሎ ሆኖ በኪሎ 4,000 ካሎሪ ቢይዝ ለአንድ ሺህ ካሎሪ የሚወጣው አንድ ዶላር ገደማ ነው፣ በሁለቱም። ትልቁ ከረጢት ሁለት ኪሎ የሚበልጠው ለጀርባችን ብቻ ነው።

«የሰው ልጅ እየተራበ…» የሚለውን አስተያየት እንደምትጽፉልን እናውቃለን፤ በየጽሑፋችን ሥር የምትጽፉት እሱኑ ስለሆነ። መልሳችን አጭር ነው። ከሀብታም ይልቅ የሚታለለው በቅናሽ ገዝቶ ጥሩ ያደረገ የሚመስለው ነው፤ ሦስት ሰው ተደጋግፎ ኪራይ የሚከፍልበት ቤት ውስጥ በወር የሚባክን 20 ዶላር የሰው ጉዳይ ነው።

ቡቺ አሁን ዶሮ፣ ሩዝና በቆሎ ያለበትን ይበላል። ዋጋው ያነሰ፣ ዓረፍተ ነገሩ የተሟላ፣ ተኩላ የሌለው። ከመወሰናችን በፊት ለሦስት አምራቾች ጽፈን ነበር፤ ቀመሩን የሚሠራው ማነው፣ በሺህ ካሎሪ ሜታዮኒኑ ስንት ነው ብለን። አንዱ በሁለት ቀን ከነቁጥሩ መለሰ፤ የገዛነው የእሱን ነው። አንዱ ዝም አለ። የተኩላው ደግሞ ስለ ፍቅራችን አመስግኖ የአምስት ዶላር ኩፖን ላከልን። ኩፖኑ ፍሪጁ ላይ ተለጥፏል፤ የምትፈልጉት ካላችሁ ጻፉልን።