የከተማ ወባን መከላከል ለጤናው ዘርፍ ብቻ የሚተው አይደለም
ወባ በኢትዮጵያ ለረጅም ዘመን በአብዛኛው የቆላማው ገጠር በሽታ ተደርጎ ሲታይ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2016 በሶማሌ ክልል ቀብሪደሃር ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘው አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተሰኘው የትንኝ ዝርያ ግን ይህን አመለካከት ለውጦታል።

ቀደም ሲል በደቡብ እስያ ከተሞች የሚታወቀው ይህ ዝርያ የዝናብ ወቅትን አይጠብቅም። ለቤት ፍጆታና ለግንባታ በተጠራቀመ ውኃ፣ ክዳን በሌላቸው በርሜሎችና ታንከሮች ውስጥ ይፈለፈላል፤ በርካታ ፀረ ተባይ ኬሚካሎችንም ይቋቋማል። የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች ከአጋሮቻቸው ጋር ባካሄዱት ጥናት፣ እ.ኤ.አ. በ2022 በድሬዳዋ በደረቁ ወቅት የተቀሰቀሰው የወባ ወረርሽኝ ከዚሁ ትንኝ ጋር የጠበቀ ግንኙነት እንዳለው አሳይተዋል።

ከጥናቱ የሚወሰደው ትምህርት ከጤና ተቋማት አልፎ ሌሎች መሥሪያ ቤቶችንም ይመለከታል። የቧንቧ ውኃ ሲቆራረጥ ነዋሪው ውኃ ለማጠራቀም ይገደዳል፤ ያልተከደነው ማጠራቀሚያም የትንኙ መራቢያ ይሆናል። አጎበርና የቤት ውስጥ ርጭት አስፈላጊ ቢሆኑም ይህን ምንጭ አያደርቁትም።

በመሆኑም የውኃ አገልግሎት መሥሪያ ቤቶች፣ ማዘጋጃ ቤቶችና የግንባታ ተቆጣጣሪዎች የትንኝ መራቢያ ቁጥጥርን የዓመታዊ ዕቅዳቸው አካል ሊያደርጉ ይገባል። ይህ ካልሆነ የተመራማሪዎቹ ድካም ከመደርደሪያ አያልፍም።