ደባል ሲወጣ ኪራዩን ማን ይከፍላል?

ወረታ ተማሪ ሳለሁ ከሁለት ልጆች ጋር አንድ ክፍል ተከራይቼ ነበር። ቤቱ የጎንደርና የደብረ ታቦር መንገድ ከሚለያዩበት ብዙ አይርቅም። አንዱ ደባላችን የጉማራ ዳር ገበሬ ልጅ ነው። ብር ሲያጥረው አባቱ ሩዝ በጆንያ ይልኩለታል፤ ሸጦ ድርሻውን ይከፍላል። ጆንያው ከአልጋዬ ግርጌ ስለሚቆም ሌሊት አይጥ ሲቦረቡረው እሰማ ነበር።

ኅዳር ላይ ልጁ ለሩዝ አጨዳ እንደሄደ ቀረ። እስከ የካቲት የሦስት ወር ድርሻው ተጠራቀመ። አከራያችንን «የሱን ከሱ ይቀበሉ» ብንላቸው፣ «ቤቴን የሰጠሁት ለሦስታችሁም ነው ልጆቼ፤ ማን ገባ ማን ወጣ አላውቅም» አሉን። ግፍ መስሎኝ አኮረፍኳቸው።

ልክ ግን እሳቸው ነበሩ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1896 የሚያዘው ይህንኑ ነው፦ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ አብረው ግዴታ የገቡ ሰዎች በአንድነትም በተናጠልም ተጠያቂ ናቸው። አከራይ ሙሉውን ኪራይ ከፈለገው ሰው ላይ መጠየቅ ይችላል፤ የከፈለውም ዞሮ የባልደረባውን ድርሻ ከባልደረባው ይጠይቃል። ውሉ በአንዱ ስም ብቻ ከሆነ ደግሞ አከራዩ የሚያውቀው እሱን ብቻ ነው።

እኛ ግን ልጁን የምንጠይቅበት ወረቀት አልነበረንም። ከአንድ ትሪ እየበሉ መፈራረም ነውር መስሎን ነበር። አባቱ የቀረውን ጆንያ ሊወስዱ ሲመጡ ስለ ዕዳው አልሰሙም፤ እኛም ለመንገር አፍረን ጆንያውን አሸክመን ሸኘናቸው። ዕዳውን ለሁለት ተካፍለን ከፈልን።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 በሚሠራባቸው ከተሞች ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ያዛል። መልካም ነው። የሚገዛው ግን አከራይንና ተከራይን ነው፤ የደባሎችን ውል ራሳቸው ካልጻፉት ማንም አይጽፍላቸውም።

መስከረም ላይ ወረታ ቤት የምትይዙ ልጆች፣ ፍራሽ ሳታስገቡ በፊት ተቀመጡና ጻፉ። የእያንዳንዱ ድርሻ ስንት ነው? የሚወጣ ሰው ከስንት ቀን በፊት ይናገራል? ቅድሚያ የተከፈለው ብር የማን ነው? ሁላችሁም ፈርሙበት፤ አንድ አንድ ቅጂም ያዙ።