ፈቃዱ ሲያልቅ እጃችን አይታሰር!

በካይሮና በጊዛ የምትኖሩ፣ በኮምፒውተር ትምህርት የተመረቃችሁ ወንድሞቼና እህቶቼ፦

የደስታው ግርግር ሳያልፍ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በተማሪ ኢሜይላችሁ በነፃ የምትሠሩባቸው መሣሪያዎች ቀናቸው ተቆጥሯል። የጊትሃብ የተማሪ ጥቅል ለተማሪ ብቻ ነው። የጄትብሬይንስ የትምህርት ፈቃድም እንደዚያው። ለተመራቂ 40 በመቶ ቅናሽ አለው፤ የቀረው ግን በዶላር ይከፈላል።

ዶላሩ ደግሞ የዱሮው ዶላር አይደለም። እ.ኤ.አ. ማርች 6 ቀን 2024 የግብፅ ማዕከላዊ ባንክ የምንዛሪውን ተመን ለገበያ ሲለቅ፣ 31 ፓውንድ ገደማ የነበረው ዶላር በዕለቱ ወደ 50 ተጠጋ። በወር 10 ዶላር የሚያስከፍል መሣሪያ 310 ፓውንድ የነበረው 500 ሆነ። ሥራ ለሚፈልግ ሰው ይህ የዳቦና የኪራይ ገንዘብ ነው።

አትበደሩ! ክራክም አትጫኑ! ከክራኩ ጋር የይለፍ ቃል የሚሰርቅ ቫይረስ ሊገባ ይችላል። የመጀመሪያ ደንበኛችሁን ኮድ ለሌባ አሳልፋችሁ አትስጡ።

መሣሪያው ደጃችን ላይ አለ። ቪኤስ ኮድ ነፃ ነው። ፓይተን ነፃ ነው። ፖስትግሬስ ነፃ ነው። ሊኑክስ ነፃ ነው። በጊትሃብ ላይ ለሕዝብ ያልተከፈተ የኮድ ማስቀመጫ ከ2019 ወዲህ በነፃ ይሰጣል። ትልልቆቹ ኩባንያዎች ሳይቀሩ እንጀራቸውን የሚበሉት በእነዚሁ ነው።

ጊትን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ2005 የሊኑክስ ሠሪዎች ኮዳቸውን ያስተዳድሩበት የነበረው ቢትኪፐር በነፃ የመጠቀም ፈቃዳቸውን ነሳቸው። ልክ እንደ እኛ ፈቃዱ አለቀባቸው። ሊነስ ቶርቫልድስ ሥራውን በጀመረ በቀናት ውስጥ ጊት የራሱን ኮድ ማስተዳደር ቻለ፤ ሌሎች ተረባረቡበት፤ ዛሬ ዓለም ይሠራበታል። ብሌንደርም በ2002 ነፃ የወጣው ወዳጆቹ በ7 ሳምንት 100,000 ዩሮ አዋጥተው ነው። ተባብረው አደረጉት። እኛስ?

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ስለዚህ ሥራውን እንከፋፈል።

አዲስ ተመራቂ የሆናችሁ፣ የፈቃዱን ወረቀት አንብቡ። ዌብስቶርምና ራይደር ከጥቅምት 2024 ጀምሮ በነፃ የሚገኙት ለንግድ ላልሆነ ሥራ ነው፤ ደንበኛ ከከፈላችሁ ፈቃድ ያስፈልጋችኋል። የኢንተሊጄ አይዲያ ነፃ ክፍል ግን ለሚከፈልበት ሥራም ይሆናል። ምንም ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ፦ ነፃ አቻ አለው? ክፍያው ቢቋረጥ ሥራዬ በእጄ ይቀራል? ቀጣሪዬስ የሚጠይቀኝ ይህንኑ ነው?

ሥራ የያዛችሁ ታላላቆች፣ በሳምንት አንድ ሰዓት ስጡ። አንድ ታናሽ ያዙ። ኮዱን እዩለት። ቃለ መጠይቅ አለማምዱት። አሮጌውን ላፕቶፕ ከአልጋ ሥር አውጡት። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 2025 ስላበቃ ብቻ አትጣሉት፤ ሊኑክስ ሚንት ጫኑበትና ለሚማር ስጡት።

ላፕቶፕ የሌላችሁ፣ ዕቁብ ግቡ። 10 ሆናችሁ ጀምሩ፤ በየወሩ ዕጣ የወጣለት ቡስታን ሞል ወርዶ ያገለገለ ኮምፒውተር ይግዛ። ዋጋና ዕቃ የሚያውቅ ሰው አብሮት ይሂድ። ብቻውን አትላኩት።

ቤት ያላችሁ፣ ማኅበር የምትመሩ፣ አርብ ከሰዓት አንድ ክፍል ክፈቱ። ዋይፋይ፣ ማከፋፈያ ሶኬት፣ ሻይ፤ ይበቃል። አርድ ሊዋ አንድ፣ መዓዲ አንድ። በየሰፈሩ አንድ።

አማርኛ የምትጽፉ፣ የተማራችሁትን በአማርኛ ጻፉ። ጊት እንዴት እንደሚጫን፣ ስሕተት ሲመጣ ምን እንደሚደረግ። አዲስ አበባና ባሕር ዳር ያለው ተመራቂም ብሩ በሐምሌ 2024 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከዚያው የዶላር ግድግዳ ጋር ይጋፈጣል። አንድ ገጽ ጻፉ፤ ለእርሱም ይደርሳል።

«ሌላው ይጀምረው» አትበሉ። ሌላው የሚጠብቀው እናንተን ነው። አንድ ተመራቂ በመሣሪያ እጦት ሙያውን በተወ ቁጥር አራት ዓመት ድካም፣ የወላጅ ላብ፣ የአገር ተስፋ አብሮ ይቀበራል። ይህ እንዲሆን አንፈቅድም!

ዛሬ ማታ ለሦስት ጓደኞቻችሁ ደውሉ። ቦታ ቁረጡ። ሰዓት ቁረጡ። አርብ ላፕቶፕ ያለው ይዞ ይምጣ፤ የሌለው ባዶ እጁን ይምጣ። የሚያውቅ ያስተምር፤ የማያውቅ ይጠይቅ። ማንም ግን ቤት አይቅር።

ተነሡ! ተጠራሩ! አርብ እንገናኝ!